የጋሽ ዘርሁን ማዕቀብ

ቡራዩ ውስጥ፣ ወደ ገፈርሳ ግድብ ሲሄዱ በስተግራ ካለው የባሕር ዛፍ ተረተር ሥር፣ ዘርሁን የሚባል ጡረተኛ ይኖራል። አጭር፣ ንጹሕ፣ ኮቱን ሳይተኩስ ከበር የማይወጣ ሰው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት የከሰዓት ተረኛ ሆኖ የውጭ ሬዲዮ ጣቢያዎችን ሲያዳምጥና ወደ አማርኛ ሲመልስ ኖሯል። ዓለምን ያወቃት በጆሮው ነው። በልጅነቱ ከደብረ ታቦር ከመጣ ወዲህ በእግሩ ከሰበታ አልፎ አያውቅም፤ እሱም ለሠርግ ተጠርቶ።

ሰፈሩ ግን በትርጉም ሥራው አያውቀውም። ዘርሁን የሚታወቀው አንድን ሰው ቀባሪ ለማሳጣት ሰባት ዓመት ለፍቶ በማሳካቱ ነው። ቀባሪ ያሳጣህ የሚለው እርግማን ማንም ሲበሽቅ አፉ ላይ የሚመጣለት ነገር ነው፤ ተናጋሪውም ሰሚውም ወዲያው ይረሱታል። ዘርሁን ግን አልረሳውም፤ እንደ መሥሪያ ቤት ዕቅድ በየዓመቱ ከፋፍሎ ሠራበት።

ነገሩ የተጀመረው በሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ላይ፣ ሚስቱ ወርቅውሃ የሞተች ዕለት ነው። ልጅ አልነበራቸውም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሁለት ሆነው ነው የኖሩት። ስምንት ወር ታማ አንድ ጠዋት ትንፋሿ ቆመ። ዘርሁን ፊቱን ታጥቦ፣ ማንም የሰፈሩ ሰው እንደሚያደርገው፣ ወደ እድሩ ሊቀመንበር ወደ ዳኜ ቤት ሄደ። ዳኜ የመንገድ ሥራ ካቦ የነበረ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ነገሩ ሁሉ በልክ የሆነ ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ መርዶውን ሰማና አንገቱን ደፋ።

«እግዜር ያጽናህ፣ ዘርሁን» አለው። «ግን አንተ እኮ ከተሰረዝክ አራት ወር አለፈህ።»

እውነቱ ይነገር ከተባለ ዘርሁንም ጥፋት ነበረበት። በእድሩ ደንብ አንድ አባወራ በተከታታይ ሦስት ቀብር ከቀረ ይሰረዛል። ቀብር የሚወጣው ከሰዓት ነው፤ ዘርሁን ከሰዓት ሥራ ላይ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ አንዲት ማስረጃ አምጥቶ ቢሰጥ ነገሩ ያልቅ ነበር። እሱ ግን የኃያላን መንግሥታትን መግለጫ የሚተረጉም ሰው ለአግዳሚ ተሸካሚዎች ማመልከቻ ይጽፋል እንዴ ብሎ ተኮፈሰ። ሁለት ጊዜ ማስጠንቀቂያ ተልኮለት ሁለቱንም ሳይከፍታቸው መጻሕፍቱ መካከል ሸጎጣቸው።

«የሞተችው ሚስቴ ናት» አለ። «እሷ ደግሞ አንድ ለቅሶ ቀርታ አታውቅም።»

«አላጣሁትም። ደንቡ የሚያየው ግን አባወራውን ነው። ላንተ ከላላ ነገ ለሁሉም ሊላላ ነው። አትቀየመኝ፤ ማኅበር ከአንድ ሰው ይበልጣል።»

ይህን ሐሳብ ዘርሁን በደንብ ያውቀዋል። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የአንድ ባሕር ማዶ ጣቢያ ተከታታይ ዝግጅት ተርጉሟል። ግለሰብ ከማኅበረሰቡ ተነጥሎ ምንም እንዳልሆነ፣ መብት ያለ ግዴታ ባዶ እንደሆነ የሚከራከሩ ምሁራን የቀረቡበት ዝግጅት ነበር። ማኅበረሰባዊነት የሚለውን ቃል አስቦ አስቦ የመረጠው እሱ ነው፤ ለባልደረቦቹም «እንዴት ነው?» እያለ ሲኩራራበት ሰንብቷል። በወረቀት ላይ ደስ ያሰኘው ሐሳብ ሬሳ ቤቱ አስተኝቶ በቆመበት ከዳኜ አፍ ሲወጣ ጥርሱን ነከሰ።

ያን ቀን ሲዘንብ ዋለ። የእድሩ ድንኳን፣ ስልሳው አግዳሚ፣ ድስቱና ብርጭቆው ከዘርሁን አጥር አምሳ እርምጃ በማይሞላ ዕቃ ቤት ውስጥ ተቆልፎበታል። ለቀስተኛው ከጣራው ክፈፍ ሥር ተጠግቶ ትንሽ ቆመና እየተሳቀቀ ሄደ። ሳጥኑን ተከትለው መቃብር የደረሱት ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። በማግሥቱ ዳኜ ራሱ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ከጎረቤት በተለመነ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ እግዜር ያጽናህ አለ፣ ሲነሳ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ተንሿሿ። ዘርሁን ቀባሪ አሳጣሃለሁ ብሎ በልቡ የማለው ያንን ድምፅ ሲሰማ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ዘለን ማለፍ አይገባም። ከዘጠኙ ቀባሪዎች አንዷ የዳኜ ሚስት ደብሪቱ ነበረች። ወርቅውሃ በታመመችበት ስምንት ወር፣ ዘርሁን ወደ ሥራ ሲወጣ ደብሪቱ በጓሮ በር እየገባች አጥሚት ታጠጣት፣ ታገላብጣት፣ ጀርባዋን በቅባት ታሽላት ነበር። በቀብሩም ዕለት ጃንጥላዋን ለወርቅውሃ እህት ሰጥታ እሷ እየበሰበሰች ነው የሄደችው። ዘርሁን ይህን ሁሉ አሳምሮ ያውቃል። አውቆም ወደ ጎን አደረገውና በቀሉን ጀመረ።

አልጮኸም፣ አልተሳደበም፣ ፖሊስ ጣቢያም አልሄደም። ጡረታ በወጣ ማግሥት የድሮ ደብተሮቹን አወረደ። አሜሪካ ጠላቷን ሳትተኩስ እንዴት እንደምታመነምን ከሰፈሩ ሰው ሁሉ እሱ ያውቃል። ሶቪየትን በወዳጅ አገሮች ቀለበት ከባ አርባ ዓመት እንዴት እንዳቆየቻት፣ ኩባን ከአምሳ ዓመት በላይ እንዴት ከገበያ እንዳራቀቻት በየዕለቱ ሲተረጉም ኖሯል። ከደብተሮቹ ሦስት ነገር ለቅሞ በአንድ ገጽ ላይ ጻፈ። አትውጋ፣ ክበብ። በጠላትህ የተከፉትን ጎረቤቶች ፈልገህ እቀፍ። ከሱ ጋር የሚነግድ ካንተ ጋር እንዳይነግድ አድርግ።

ከሁሉ የምትማርከው በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት መጋቢት ላይ የተረጎማት አንዲት ዜና ነበረች። የአሜሪካ ምክር ቤት በኩባ ላይ ያለውን ማዕቀብ በሕግ አጸናው፤ ከዚያ ወዲህ ፕሬዚዳንቱ ልቤ ራራ ቢል እንኳ ብቻውን ሊያነሳው አይችልም። ዘርሁን ከዜናው ጎን በቀይ እስክሪብቶ «ብልሆች» ብሎ ጽፎበታል። ማዕቀብ የሚጎዳው መሪውን ሳይሆን ምስኪኑን ሕዝብ ነው የሚሉ ወቀሳዎችንም በዚያው ዘመን ተርጉሞ ነበር። እነሱን ግን ደብተሩ ላይ አልገለበጣቸውም።

በመጀመሪያ የሄደው ወደ ታመነ ነው። ታመነ ከወላይታ የመጣ አናጢ፣ ጴንጤ፣ ያኔ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ተከራይ ነበር። እድር ለመግባት ሁለት ጊዜ ጠይቆ ዳኜ ሁለቱንም ጊዜ «ተከራይ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም» ብሎ መልሶታል። ዘርሁን እንጨት ቤቱ ድረስ ሄዶ የመጽሐፍ መደርደሪያ አዘዘው፤ መደርደሪያ ግን አላስፈለገውም። ቀጥሎ ከጅረቱ ማዶ ወዳሉት የኦሮሞ ቤተሰቦች ሽማግሌ ወደ ኦቦ ገመቹ ተሻገረ። ኦቦ ገመቹ የእድሩ ደንብ በኦሮምኛም ይነበብልን ብሎ ቢጠይቅ አራት ዓመት ሙሉ «በሚቀጥለው ስብሰባ» እየተባለ ተሰላችቷል። ዘርሁን «አካም ቡልተኒ» ብሎ ገባና አዲስ እድር እንደሚያቋቁም፣ ደንቡንም በሁለቱም ቋንቋ አስጽፎ እንደሚያመጣ ቃል ገባ። ቃሉንም ጠበቀ።

ትብብር እድር በሁለት ሺህ አሥራ አንድ ጥር ላይ በሠላሳ አራት አባወራ ተመሠረተ። ሊቀመንበሩ ዘርሁን፣ ጸሐፊው ታመነ፣ ምክትሉ ኦቦ ገመቹ። ለበቀል የቆመ ይሁን እንጂ፣ አይዋሽም፣ እድሩ ጥሩ እድር ነበር። ተከራይ ይገባል፣ ሴት በስሟ ትመዘገባለች፣ የከሰዓት ሠራተኛ በተራው ይፈቀድለታል። የማን ባራኪ ያረደው ሥጋ ይበላል የሚለው ጭቅጭቅ እንዳይነሳ ለቅሶ ቤት ንፍሮና የጾም ወጥ ብቻ እንዲቀርብ ተወሰነ፤ ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ሙስሊሙም ከአንድ ድስት ቀመሰ። በምሥረታው ቀን ዘርሁን በዚያ በሬዲዮ በሠለጠነ ድምፁ ንግግር አደረገ። ሰውን ሰው የሚያደርገው ማኅበሩ ነው፣ ማኅበርን ማኅበር የሚያደርገው ደግሞ ማንም ከደንቡ በላይ አለመሆኑ ነው አለ። ታመነ አንዲት ቃል ሳያስቀር ጻፋት። ብዙዎች ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ዘርሁን ግን የንግግሩን ግማሽ ሲያደርግ ዓይኑ የዳኜ ቤት ጣራ ላይ ነበር።

ከዚያ መክበቡ ቀጠለ። የዳኜ እድር ጥሩምባ ነፊ ኪሩ ለሃያ ዓመት በዝናብ እየነፋ አንዲት የዝናብ ልብስ የሚያለብሰው አላገኘም። ዘርሁን ካፖርትና ቦት ጫማ ይዞለት ሄደ። ኪሩ ጥሩምባውን ይዞ ወዲህ ዞረ፤ ጥሩምባ የሌለው እድር ሞት ቢደርስበት ማን ያውቅለታል? ሰዉ ብልህ ነውና በመጀመሪያ በሁለቱም እድር ተመዘገበ። ዘርሁን ታገሠ። በሦስተኛው ዓመት፣ ትብብር መቶ ሲሞላ፣ አንቀጽ አሥራ ዘጠኝን አስጸደቀ፤ የዳኜ እድር አባል የሆነ ወይም ከዚያ እድር ለቅሶ የደረሰ ከትብብር ይሰረዛል። ማዕቀቡን ሊያነሳ የሚችለው በወሩ የመጀመሪያ እሑድ የሚሰበሰብ ጠቅላላ ጉባኤ ብቻ ነው፣ እሱም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ። ሊቀመንበሩ ብቻውን ሊያነሳው አይችልም። ይህችን የመጨረሻዋን መስመር ሲጽፍ ዘርሁን ለብቻው ሳቀ።

በዚህ አንቀጽ የመጀመሪያዋ ተሰራዥ ማርቲ የምትባል ልብስ ሰፊ ናት። አክስቷ በዳኜ እድር ሞተችባትና አንድ ድስት ንፍሮ ይዛ ሄደች። እያለቀሰች ልትለምነው ስትመጣ ዘርሁን ወንበር ሰጣት፣ ውሃ አስቀዳላት።

«ማርቲዬ» አላት፣ «ቀዳዳ ያለው ማዕቀብ ማዕቀብ አይደለም።»

እንዲህ ካለ በኋላ ሰረዛት። ከዚያ ወዲህ የሚሻገር ጠፋ። የዳኜ እድር ከመቶ አርባ አባወራ ወደ ስልሳ፣ ከስልሳ ወደ ሃያ ወረደ፤ በመጨረሻ ዳኜና ሦስት ሽማግሌዎች ቀሩ፣ ሽማግሌዎቹም አንድ በአንድ ወደ ልጆቻቸው ሄዱ። ዳኜ ግን እሑድ እሑድ ዕቃ ቤቱን ከፍቶ፣ ድንኳኑን ፀሐይ አስመትቶ፣ አግዳሚዎቹን ጠርጎ በሩ ላይ ይቀመጥ ነበር። ዘርሁን ልክ በዚያ ሰዓት ኮቱን ለብሶ በፊቱ ያልፋል። ሰላም አይለውም፤ ረጋ ብሎ ነው የሚያልፈው። ያቺ አምሳ እርምጃ ከሳምንቱ ሁሉ ትጥመው ነበር። አንዳንዴ ደብሪቱ ከውስጥ ብቅ ብላ «እንዴት ዋልክ፣ ዘርሁን» ትለዋለች። እሱም «ይመስገን» ይላል፤ ፊቷን ግን አያይም።

በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ኅዳር ላይ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ኪሩ ጥሩምባውን በክንዱ አቅፎ እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ፣ የጋሽ ዳኜ ቤት ሞት አለ። ልንፋ?»

ዘርሁንን በመጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው። መደበቅ አያስፈልግም፤ ደረቱ ሞቀ፣ ጉልበቱ ቀለለው። ደረሰልኝ አለ በልቡ። ሰባት ዓመት የጠበቃት ቀን ይህችው ናት፤ ዳኜ ባዶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሰው ሲያጣ ሊያየው ነው።

«ማን ሞተ?» አለ ቀስ ብሎ።

«እትዬ ደብሪቱ ናቸው። ትናንት ደህና ነበሩ አሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው ቀብሩ።»

ዘርሁን ተቀመጠ። የአጥሚቱ ብርጭቆ ትዝ አለው፣ የቅባቱ ሽታ ትዝ አለው። ወርቅውሃ ከመሞቷ በፊት በነበረው ሳምንት «ደብሪቱ ባትኖር በቁሜ እበሰብስ ነበር» ብላው ነበር። በልቡ ውስጥ ይህንና ያንን አንድ ላይ ማኖር አቃተው፤ ደስታውም አልወጣ አለ፣ እፍረቱም አልገባ አለ። በመጨረሻ «አትንፋ፣ እዚሁ ጠብቀኝ» ብሎት ወደ ታመነ እንጨት ቤት ገሰገሰ፤ ኦቦ ገመቹንም አስጠራ።

በእንጨት ብናኙ መካከል ቆሞ ጉዳዩን ነገራቸው። ለዛሬ ብቻ፣ ለደብሪቱ ብቻ፣ ሰዉ ይውጣ፤ ነገ አንቀጹ እንዳለ ይቀጥላል። ሲናገር ድምፁ ያ የሬዲዮ ድምፅ አልነበረም።

ታመነ መጋዙን አስቀምጦ እጁን በሽርጡ ጠረገ። «ጋሼ፣ እኔ እርስዎን እንደ አባቴ ነው የማየው። ሰው ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት። ግን ይህን ኮሚቴው ማንሳት አይችልም። ጉባኤ ነው የሚያነሳው።»

«የጉባኤው እሑድ መቼ ነው?»

«የወሩ መጀመሪያ እሑድ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው።»

«ሬሳ አሥራ አንድ ቀን ይቆያል እንዴ?»

«አይቆይም፣ ጋሼ።»

«እሷ ሌላ ናት» አለ ዘርሁን። «እኔ የቀጣሁት ባሏን ነው፣ እሷን አይደለም።»

«ባሏ እኮ አልሞተም፤ ለቅሶው የሱ እድር ነው» አለ ታመነ።

ዘርሁን ወደ ኦቦ ገመቹ ዞረ። ኦቦ ገመቹ በዱላው የእንጨቱን ብናኝ ጫረ።

«ኦቦ ዘርሁን» አለ፣ «የአክስቴ ልጅ ባሏ የሞተባት ጊዜ እሱ እዚያ እድር ውስጥ ነበር። እኔ ከጅረቱ ማዶ ቆሜ ለቅሶውን ሰማሁ። አልተሻገርኩም፤ ያንተን ወረቀት ፈርሜያለሁ። እስከ ዛሬ ቤቴ አትመጣም። ዛሬ ላንተ ሲሆን ይከፈት ካልን እኔ ለሷ ምን ልበላት?»

«ማርቲስ?» አለ ታመነ። «እዚሁ ፊት ለፊት ነው ሱቋ። በየቀኑ እንተያያለን። ሰዉ ይህን ነገር የቻለው ማንም ከደንቡ በላይ አይደለም ስላልነው ነው። እርስዎ ነዎት ያስተማሩን።»

ዘርሁን ተናደደ። እኔ የሠራሁትን ቤት በኔ ላይ ዘጋችሁ ብሎ ጮኸ፤ ማን ነው ከመንገድ ያነሳችሁ አለ፤ ለታመነ የማይባል ነገር ተናገረው። ታመነ አንገቱን ደፍቶ ሰማው። ሲጨርስ በአክብሮት በሩ ድረስ ሸኘው።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ዘርሁን ኮቱን ለብሶ ብቻውን ወጣ። ሰፈሩ ጭር ብሏል። በየቆርቆሮው አጥር ውስጥ ግን ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በየግቢያቸው ቆመው፣ አፋቸውን ይዘው ያለቅሳሉ፤ ደብሪቱ ያላረሰቻት አራስ፣ ያልጠየቀችው በሽተኛ በዚያ ሰፈር የለም። ሊወጣ የደፈረ ግን አንድም አልነበረም። ወደ ዳኜ ቤት በሚወስደው መታጠፊያ ላይ ታመነ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ዘርሁንን ሲያይ ተነሥቶ ኮፍያውን አወለቀ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይመለሱ።»

ዘርሁን ወደ መታጠፊያው ገባ።

«እንግዲያው ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለና ታመነ ስሙን ጻፈ።

የዳኜ ግቢ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ድንኳኑ ተተክሏል፤ ለሁለት መቶ ሰው የሚበቃው ያ ድንኳን። ስልሳው አግዳሚ በመስመር ተደርድሯል። የተቀመጡት ሰባት ናቸው፤ ዳኜ፣ ከሰበታና ከሱሉልታ የመጡት ሁለት ወንዶች ልጆቹ፣ አንዲት ምራት፣ የደብሪቱ እህት፣ ቄሱና ዲያቆኑ። ዘርሁን በሩ ላይ ቆሞ አየ። ይህን ነበር የፈለገው፤ አንድም ነገር አልጎደለበትም። በዚያች ሰዓት እንኳ፣ ዓይኑ ዕንባ እያቀረረ፣ አገኘኸው የሚል ድምፅ በውስጡ ነበር።

ዳኜ ከአግዳሚው ተነሣ። በሰባት ዓመት ውስጥ ትከሻው ወርዷል።

«መጣህ?»

«መጣሁ። እግዜር ያጽናህ።»

ዳኜ ከዘርሁን ጀርባ ወደ በሩ ተመለከተ። የሚከተል ሰው ካለ ብሎ ቆይቶ ተመለከተ።

«ሰው የለም?» አለ። «እድርህ መቶ ሰማንያ አባወራ አለው ይሉኛል። ብቻህን መጣህ?»

ለስድብ አልነበረም የጠየቀው፤ ሳጥኑን የሚያነሳ ሰው ስላስፈለገው ነው። ዘርሁን ኮቱን አወለቀና አግዳሚ ላይ አኖረው።

ሳጥኑን ዳኜ፣ ሁለቱ ልጆቹና ዘርሁን አነሱት። ዘርሁን አጭር ስለሆነ በሱ በኩል ያዘነብላል፤ በጣቶቹ ጫፍ እየቆመ ሊያስተካክለው ይሞክራል። ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ላይ ነው፣ የግማሽ ሰዓት መንገድ። በሌላ ቀብር ቢሆን በየሃያው እርምጃ አዲስ ትከሻ ይገባል፤ ዛሬ የሚቀይራቸው የለም። ኪሩ መንገድ ዳር ቁጢጥ ብሎ፣ ጥሩምባውን በካፖርቱ ሸፍኖ አሳለፋቸው። ዘርሁን ትንፋሹ እየተቆራረጠ ጥርሱን ነከሰ። ታመነ ኮፍያውን ያወለቀበት ሁኔታ ከዓይኑ አልጠፋ አለው። በደረስኩለት፣ ሰው ባደረግኩት ሲል፣ ያ የድሮው ሙቀት በደረቱ ውስጥ ተመልሶ ሲቀጣጠል ተሰማው። ሳጥኑም በዚያው ቀለለው።

መቃብሩ ላይ ቄሱ ጸሎቱን ጨርሶ ሳጥኑ ወረደ። ዘርሁን ለደብሪቱ አለቀሰ፤ ዕንባው እውነተኛ ነበር። አካፋውን ከታላቁ ልጅ ተቀብሎ አምስት ስድስት ጊዜ አፈር አለበሰ። በየመሃሉ ግን ሐሳቡ ሌላ ቦታ ይሠራል። ታመነ ብቻውን ምንም አይደለም። ጉልበቱ ከጅረቱ ማዶ ያሉት ቤተሰቦች ናቸው። እነሱ ደግሞ በልባቸው ተከፍተዋል፤ የተከፋ ጎረቤት ማቀፍ ይቻላል። ድንኳንና አግዳሚ ቢሆን ዳኜ ጋ አለ፣ ተጠርጎ ተቀምጧል።

አካፋውን ለዳኜ ሲያቀብለው ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«ኦቦ ገመቹ በዚህ ማዕቀብ ልቡ ቆስሏል» አለው በቀስታ። «ከሱ ብንጀምር ወደ እድርህ ይመጣል።»

ዳኜ አካፋውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየው። አፈሩ ገና ሳጥኑን አልሸፈነውም ነበር።